የሜዳ ስኪ፦ ሰም አቀባብና ከክረምት እስከ ክረምት አቀማመጥ

የጦሳ_ሥር (ደሴ) · ሐምሌ 4

ሰላም ለዚህ ቤት። የአደራ ዕቃ ይዤ ነው የመጣሁት። ሁለት ጥንድ የሜዳ ስኪ እኛ ቤት ተቀምጧል፤ ከተራራ የሚወረድበት ሰፊውና ከባዱ ሳይሆን እየተራመዱ የሚሄዱበት ረጅሙና ቀጭኑ። ባለቤቱ ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ መጥቶ ይወስደዋል።

አንደኛው ጥንድ በሰም የሚሠራው ነው። መሀሉ ላይ ቡናማ፣ ማር የመሰለ ነገር ተለጥፎ አቧራና የብርድ ልብስ ጸጉር ሰብስቧል። ጫፍና ጫፉ ደግሞ እንደ ደረቀ ተረከዝ ነጭ ሆኗል። ሁለተኛው ጥንድ መሀሉ ላይ ጠጉር ያለው ቁራጭ አለው። እስካሁን የነበሩት ኮርኒስ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው።

ክረምቱን እንዴት ላቆያቸው? ሰም ይቀባ ይባላል፤ የትኛው ሰም? ጧፍ ይሆናል? ካውያም ያስፈልጋል አሉኝ፣ ያለን የከሰል ነው።

ሐይቅ_ዳር · ሐምሌ 4

"ክረምቱን" ስትል የኛን ነው የነሱን? ለኛ ክረምት መልሱ "እንዴት ይቀመጣል" ነው፣ ለነሱ ክረምት "ምን ተቀብቶ ይወጣል" ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።

የጦሳ_ሥር · ሐምሌ 4

የኛን። ከአሁን እስከ ኅዳር መጨረሻ።

ቦርከና_ማዶ (ኦስሎ) · ሐምሌ 5

አብሽር፣ የጠፋ ነገር የለም። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ከኮርኒሱ አውርዳቸው። ክረምትም ቢሆን ደመናው ገለጥ ያለ ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሥሩ ያለው አየር እንደ ምድጃ ይሆናል፣ ማታ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ያ መመላለስ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ንብርብሮቹ የተያያዙበትን ሙጫም ያደክመዋል። ስኪ በመሄድ ብዛት አይሞትም፤ የሚገድለው እንዲህ ቆሽሾ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ወራት መተኛቱ ነው።

ነጭ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርህ። የስኪው ሆድ (በረዶውን የሚነካው ታችኛው ገጽ) ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ውሃ አይጠጣም፤ ሰም ግን ሲሞቅለት በጥቂቱ ወደ ውስጡ ይገባል። ሰሙ ሲያልቅ ገጹ በበረዶው ይፋቃል፣ አየር ያገኘዋል፣ ይደርቃል። ነጭ ጭረት ጭረት ሆኖ የምታየው እሱ ነው። የደረቀ ሆድ ቀስ ይላል፣ በኋላ ሰም ቢሰጡትም እንደ ድሮው አይቀበልም።

ስለዚህ ሥራህ ሁለት ነው፤ መሀሉን ማጽዳት፣ ጫፍና ጫፉን ማጥገብ። በዚህ ቅደም ተከተል። ቀድመህ ሰም ካቀለጥክ የመሀሉ ሙጫ በካውያህ ተሳፍሮ ስኪውን በሙሉ ያዳርሰዋል።

መሀሉ ላይ ያለው "ማር" የመያዣ ሰም ነው፤ ስትረግጥ በረዶውን ነክሶ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት የሚያደርገው። በጣትህ ንካው። እንደ ሙጫ ክር ሆኖ ከተሳበ ክሊስተር ነው፣ ከቱቦ የሚወጣው። ሳይሳብ እንደ ደረቀ ሞራ ከተፈረፈረ ደግሞ ጠጣሩ፣ በቆርቆሮ ዕቃ የሚሸጠው ነው። አጸዳዱ አንድ ነው፦

ሌሊቱን ውጭ ከዝናብ ተጠልሎ ይደር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የደሴ ብርድ ሰሙን ሲያጠነክረው ጠርዙ ቀጥ ባለ ፕላስቲክ ፋቀው። የተሰበረ ወፍራም ማስመሪያ ይሆናል። ቢላ አትጠቀም። የምትፍቀው ሁልጊዜ ከአፍንጫው (ወደ ላይ ከተቆለመመው ጫፍ) ወደ ጭራው ነው።

የቀረውን ቀለም ቤት የሚሸጠውን አኳራጅ ጨርቅ ላይ አድርገህ ጥረገው። ስኪው ላይ አታፍስ፤ ወደ ማያዣው (ጫማውን ከስኪው ጋር የሚነክሰው) ብሎኖች ቀዳዳ ይገባል። ጨርቁን አርጥበህ አሳርፍበት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ጥረግ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድገመው። ላምባም ያነሣዋል፣ ግን ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ በላምባ ከጀመርክ በአኳራጅ ጨርስ። ቤንዚን አይታሰብም።

በር ተከፍቶ ነው ይህ ሁሉ የሚሠራው። ካውያ ከማምጣትህ በፊት ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይናፈስ። አኳራጅ የነካ ጨርቅ ከከሰል አጠገብ ከዋለ ስኪው ብቻ ሳይሆን ቤቱም አደጋ ላይ ነው።

ባቲ_ሰኞ · ሐምሌ 5

እጅህን በአኳራጅ እንዳትታጠብ። ክሊስተር ከእጅ የሚለቀው በምግብ ዘይት ነው፤ መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ሳሙና።

አሁን ወደ ሰሙ። ጧፍ አይሆንም። ጧፍ የንብ ሰም ነው። የንብ ሰም በ62 እስከ 64 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያጣብቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ መፋቂያ ላይም ይንከባለላል። በድሮ ዘመን ስኪ ላይ ዝፍትም ሞራም የንብ ሰምም ይቀቡ ነበር፤ ያኔ ግን ሆዱ እንጨት ነበር። ሞራማ ከቀባኸው የአይጥ እራት ነው፣ ስኪውንም አብራ ትቀምሰዋለች።

ነጭ ሻማ ግን ይሆናል። ተራው የሱቅ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፣ የስኪ ሰምም መሠረቱ ፓራፊን ነው። ሽታና ቀለም የሌለው ይሁን። ለውድድር አይሆንም፣ ለማስቀመጫ ግን በቂ ነው። ለአንድ ጥንድ ግማሽ ሻማ ይበቃል። ክሩን አውጥተህ ጣለው፣ የጠቆረውን አፉንም ቁረጠው።

እውነተኛው የስኪ ሰም ከተገኘ የሚፈለገው ለስላሳው ነው፤ ለሞቃት በረዶ የሚሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው። ለብርድ የሚሆነው ጠንካራው አረንጓዴ ለማስቀመጫ አይመረጥም። ለማቅለጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሲፋቅም ይሰባበራል።

ቦርከና_ማዶ · ሐምሌ 5

በሻማው እስማማለሁ። በከሰል ካውያው ግን በፍጹም። የሆዱ ፕላስቲክ 135 ዲግሪ አካባቢ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ለስላሳ ሰም የሚፈልገው 110 እስከ 120 ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፣ የከሰል ካውያ ደግሞ ከሰሉ በተራገበ ቁጥር 200ን ያልፋል። የተቃጠለ ሆድ መስተዋት መስሎ ያብለጨልጫል፤ ያ ማለት የገጹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደፍነዋል፣ ከእንግዲህ ሰም አይገባውም ማለት ነው። ያንን የሚያስተካክለው በማሽን ተፍቆ አዲስ ገጽ ሲወጣለት ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ ካውያ ተዋስ። እንፋሎት የማይረጨው፣ ሥሩ ድፍን የሆነው አሮጌው ይሻላል፤ ቀዳዳ ያለው ሰም ይቋጥርና በኋላ የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ይተፋዋል። ከዝቅተኛው (የናይሎኑ) ጀምር። ሻማውን ሲነካ ቀልጦ መንጠባጠብ አለበት፣ መጨስ ግን የለበትም። ጭስ ካየህ ንቀለውና ጠብቅ።

ማያዣው ወደ ታች፣ ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ ስኪው ሁለት በርጩማ ላይ ይጋደም። ሰሙን ጠብታ በጠብታ ከመሀሉ ቦይ ግራና ቀኝ አንጠባጥብ። ከዚያ ካውያውን ከአፍንጫ ወደ ጭራ በዝግታ፣ ሳታቆም አስኪደው። ከኋላው ከ5 እስከ 10 ሳንቲም የሚሆን እርጥብ ዱካ እየተከተለው መሄድ አለበት። ዱካው ከዚያ ካጠረ ፈጥነሃል፣ ስኪው ግማሽ ድረስ እርጥብ ከሆነ አግለኸዋል። በሌላ እጅህ የላይኛውን ገጽ ዳብሰው፤ ለብ ማለት ነው ያለበት፣ ማቃጠል የለበትም።

የመጀመሪያውን ሰም ግን እንዳታስቀምጠው። ገና ሞቅ እንዳለ ፋቀው። ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ከወጣ ቆሻሻውን ይዞ ወጣ ማለት ነው። የሚፋቀው ነጭ እስኪሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገም። ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻው ወፍራም ሽፋን የሚቀባው፤ እሱ አይፋቅም፣ እስከ ኅዳር እንዳለ ይቀመጣል።

ባቲ_ሰኞ · ሐምሌ 6

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ካውያ ምክር ብቻውን አይበቃም። ሌላ መንገድ አለ።

ሻማውን ፈርፍረህ በንጹሕ የቲማቲም ጣሳ ክተት፣ ጣሳውን የሚፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁመው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሻማ ደግሞ ከ55 እስከ 65 ባለው ይቀልጣል። እንግዲህ ምንም ያህል ብታነድበት ሰሙ ከ92 አያልፍም፤ አይጨስም፣ እሳት አይነሣበትም፣ ሆዱንም አያቃጥልም። በቀለም ቡሩሽ ከአፍንጫ ወደ ጭራ ወፈር አድርገህ ቀባው። ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ ግን እንዳታስቀምጥ፤ የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ውሃው ላይ ነው።

ቦርከና_ማዶ · ሐምሌ 6

እንዲህ የተቀባ ሰም ከላይ ይተኛል እንጂ በካውያ እንደተነዳው ውስጥ አይገባም። አየርና እርጥበት ይከለክላል፣ የደረቀውን ሆድ ግን አያጠግበውም። ቆሻሻም አያወጣም።

ባቲ_ሰኞ · ሐምሌ 6

ልክ ነው። ግን ከተቃጠለ ሆድ ያልጠገበ ሆድ ይሻላል። ያልጠገበው ታኅሣሥ ላይ ይጠግባል።

ቦርከና_ማዶ · ሐምሌ 6

😄 ይሁን፣ ተሸነፍኩ። ሂደቱን ግን ያየ ሰው ይምረጥ፤ መብራት ካለ ካውያ፣ ከሌለ ጣሳ።

ላስታ_79 · ሐምሌ 6

አንድ ነገር ተዘሏል። የማስቀመጫውን ፓራፊን መሀሉ ላይም ይቀባ ነው የምትሉት? እኔ አይቀባ ባይ ነኝ። የመያዣ ሰም ፓራፊን ባለበት ላይ አይጣበቅም፤ ታኅሣሥ ላይ ልጁ ቀብቶ ይወጣና 2 ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ተልጦ ያልቃል። ከዚያ "ሰሙ መጥፎ ነው" ይላል።

ቦርከና_ማዶ · ሐምሌ 6

ጫፍና ጫፉ ብቻ ይቀባ ማለቴ ነበር፣ ግልጽ አላደረግኩትም። መሀሉን የሚቀቡ አሉ፤ በኋላ በአኳራጅ አጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ነው የሚጀምሩት። ለአደራ ዕቃ ያ ሁሉ አያስፈልግም። መሀሉን ከተጸዳ በኋላ በፕላስተር ድንበሩን ምልክት አድርግና ባዶውን ተወው። ልጁ ከቦርሳው ውስጥ አረንጓዴ የመያዣ ሰም ትቶ ከሆነ ስስ አድርገህ ብታለብሰው ደግሞ ከአየርም ይጠበቃል፣ ለሚቀጥለውም ሰም መሠረት ይሆናል።

ድንበሩ በግምት፦ ተረከዝ ከሚያርፍበት ወደ ፊት 60 ሳንቲም ገደማ። ትክክለኛው የሚለካው ግን በባለቤቱ ክብደት ነው። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ሁለቱን ስኪ አቁሞ፣ እኩል ተመዝኖ ይቆምበታል። ሌላ ሰው ከሥሩ ወረቀት ያንሸራትታል። ወረቀቱ በነጻ የሄደበት ፊትና ኋላ በእርሳስ ጎኑ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በአንድ እግር ሲቆም ወረቀቱ መያዝ አለበት። በአንድ እግርም ካልተያዘ ስኪው ለሱ ክብደት ጠንክሮበታል፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል፣ የትኛውም ሰም አያድነውም።

ደላንታ_ሜዳ · ሐምሌ 7

ስለ ሁለተኛው ጥንድ ማንም አልተናገረም። ጠጉሩ ሞኸር ነው፣ የአንጎራ ፍየል ጠጉር፤ አንዳንዱ ከናይሎን ጋር የተቀላቀለ ነው። እንደ በቅሎ ጀርባ አስበው፤ ወደ ጭራው ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ራሱ ሲዳብሱት ይቆማል። ስኪው ወደ ፊት ሲሄድ ይተኛል፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ቆሞ በረዶውን ይይዛል። ትሮንድሃይም የባሕር ጠረፍ ስለሆነ ሙቀቱ ዜሮ ላይ ታች ላይ ሲል ነው የሚውለው፣ ዜሮ ላይ ደግሞ ሰም መምረጥ ከባድ ነው። ይህን ዓይነት የያዘው ለዚያ ይሆናል።

ለዚህኛው ሕጉ አጭር ነው። ጠጉሩ ፓራፊን አይንካው። አንዴ ከጠጣ ጠጉሩ ተኝቶ ይቀራል፣ መያዝ ያቆማል። በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፣ ካውያውንም ከሱ ሦስት ጣት ራቅ አድርገው። ሙቀት የተለጠፈበትን ሙጫ ያላቅቀዋል። አኳራጅና ላምባም እንዲሁ። የቆሸሸ ከሆነ ለሱ ተብሎ የሚሠራ ማጽጃ አለ፤ እስከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወደ ጭራው ብቻ ጥረገው። የፊተኛው ጠርዙ የተገለበጠ መሆኑን እየው፤ ከተገለበጠ ለልጁ ፎቶ ላክለት፣ በሱቅ ኮላ ለመጠገን አትሞክር።

ጫፍና ጫፉ ግን ልክ እንደ ሌላው ሰም ይፈልጋል። "ሰም የማይፈልግ ስኪ" የሚባለው ማታለያ ነው። የማይፈልገው የመያዣውን ሰም እንጂ የማንሸራተቻውን አይደለም።

የጦሳ_ሥር · ሐምሌ 7

አላህ ይስጣችሁ። ከስኪዎቹ ጋር አንድ የጫማ ሳጥን ሙሉ ትናንሽ ሰሞች አሉ። ማስቀመጫ የሚሆን ለስላሳ ይኖርበት ይሆን? አንዱ ላይ "ፍሎር" የሚል ጽሑፍ አለ።

እማ_ከወረኢሉ (ስቶክሆልም) · ሐምሌ 7

ልጄ፣ ያንን አትንካው። ፍሎሮካርቦን ያለበት ሰም ነው። ውሃን በጣም ስለሚያባርር እርጥብ በረዶ ላይ ስኪውን ያበርረዋል፣ ግን አፈር ውስጥም ሰውነት ውስጥም ሳይበሰብስ ይቆያል። የዓለም ስኪ ፌዴሬሽን ከ2023/24 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል፣ በውድድር ቦታም ስኪው በመሣሪያ ይመረመራል። አሮጌው ደግሞ የከፋ ነው፤ በውስጡ የነበረው አንዱ ኬሚካል በአውሮፓ ከ2020 ጀምሮ የተገደበ ነው። በካውያ ሲነካ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ያውም በጓዳ ውስጥ። ጠቅልለህ ለብቻው አስቀምጥ፣ ባለቤቱ ወደዚያው ወስዶ የኬሚካል ቆሻሻ በሚጣልበት ይስጠው። ምድጃ ውስጥ እንዳትጥለው ደግሞ።

በተራ ፓራፊንም ቢሆን መስኮት ይከፈት።

የጦሳ_ሥር · ሐምሌ 7

እሺ እትዬ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። አሁኑኑ በፌስታል አስሬ ለይቼዋለሁ።

ሐይቅ_ዳር · ሐምሌ 8

አቀማመጡስ? ቦታው የት ይሁን?

ላስታ_79 · ሐምሌ 8

አልጋ ሥር። ቀልድ አይደለም። ጨለማ ነው፣ ሙቀቱ አይለዋወጥም፣ ማንም አይረግጠውም።

ጭቃ ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፤ በሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ራሱ ያልባል። ማድ ቤት ጭስ አለ፣ ጥቀርሻውና የወጡ ቅባት ሰሙ ላይ ይቀመጣል። በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በላስቲክ ጠቅልለህ አፉን አትሰር፤ ውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ አጥቶ የማያዣውን ብረት ያዝገዋል። አሮጌ ነጠላ ወይም አንሶላ ይበቃል።

አሁን ዋናው። ሁለቱን ስኪ ሆድ ለሆድ ስታጋጥማቸው ጫፍና ጫፋቸው ብቻ ይነካካል፣ መሀላቸው ክፍት ሆኖ እንደ ቀስት ይለያያል። ያ ክፍተት የስኪው ነፍስ ነው። ሰውየው ሲመዘን ተጭኖ መሀሉን በረዶው ላይ የሚያሳርፈው፣ ሲንሸራተት ደግሞ የሚያነሣው እሱ ነው። ብዙ ሰው ዕቃ ሲያስር እንደ ጭነት ጥብቅ አድርጎ መሀሉን ይጠፍራል። ወራት እንዲያ ተጨቁኖ ከከረመ ቅስቱ ይላላል፣ የላላ ቅስት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በሚነካኩበት ቦታ ብቻ፣ በጨርቅ ቁራጭ፣ ላላ አድርገህ እሰር። መካከላቸው ጋዜጣ አድርግ፤ ወፍራሙ ሰም እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ። ላያቸው ላይ ሻንጣ አትጫን።

ደላንታ_ሜዳ · ሐምሌ 8

ጫማውን ከዚህ ዝርዝር አታውጡት። ስኪው ሰላም ሆኖ ጫማው በሻጋታ ሲበላ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው። የውስጥ ገበሩን አውጣ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ በየሳምንቱ ጋዜጣውን ቀይር። ፀሐይ ላይም ከሰል አጠገብም አይደርቅም፤ ሶሉን የያዘው ሙጫ ይለቃል። ከፊት ያለው የብረት ዘንግ (ማያዣው የሚነክሰው) ዝገት ካለበት ጥረገውና ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አስነካው።

ማያዣው ላይ ግን ዘይትም ግራሶም አታድርግ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ በረዶ ላይ ደግሞ ይጠጥራል። በውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ በቃ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ቀስ ብለህ ፈትሽ። አንዱ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አውጣው፣ ቀዳዳው ይድረቅ፣ ትንሽ ኮላ ጨምረህ መልሰው፣ አንድ ቀን ሳትነካው ይዋል። ኃይል አትጨምር። የብዙ ቀላል ስኪዎች ውስጥ ድፍን እንጨት ሳይሆን የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ስስ ነገር ነው።

ወልድያ_መናኸሪያ (ኡሜኦ፣ ስዊድን) · ሐምሌ 10

ክሩን ሳልጠልፍ አንድ ጥያቄ፣ ከነሱ ክረምት ወገን። የመያዣ ሰም ቀለም እንዴት ነው የሚመረጠው? ሁልጊዜ ወይ ይንሸራተታል ወይ እንደ ጫማ ሥር በረዶ ይቋጥራል።

ቦርከና_ማዶ · ሐምሌ 10

የኡሜኦ ብርድ የጸና ስለሆነ ከትሮንድሃይም ይቀላል። መጀመሪያ የአየሩን ሙቀት በጥላ እይ። አረንጓዴ ከዜሮ በታች 8 እስከ 15። ሰማያዊ ከዜሮ በታች 2 እስከ 8 ወይም 10። ሐምራዊ ዜሮ አካባቢ። ቀይ ዜሮና ከዚያ በላይ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ጥቂት ይለያያል፣ ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር እመን።

ምክንያቱ ይህ ነው። በብርድ የወደቀ አዲስ በረዶ ጠርዙ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ሰሙ ከለሰለሰ መርፌው ዘልቆ ይገባና አይወጣም፣ በላዩ ሌላው ይደራረባል። የምትለው ቋጠሮ እሱ ነው፤ ለዚያ ቀን በጣም ለስላሳ ሰም ቀብተሃል። ወደ ኋላ ከተንሸራተትክ ደግሞ ሰሙ ጠንክሯል፣ መርፌው አልገባበትም። በረዶው ሲያረጅ፣ ሲቀልጥና ሲጠጥር ጠርዙ ተበልቶ እንደ ጨው ፍሬ ይሆናል። ያኔ ጠጣር ሰም አይሠራም፣ ክሊስተር ነው።

ስትጠራጠር ከጠንካራው ጀምር። በጠንካራ ላይ ለስላሳ መደረብ ይቻላል፣ በለስላሳ ላይ ጠንካራ ግን አይያዝም።

አቀባቡ፦ መሀሉን በ100 ወይም 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ጥረግ። መሠረት የሚባለውን ሰም ስስ አድርገህ በካውያ አስገባ፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የቀኑን ሰም ከ4 እስከ 6 ስስ ንብርብር፣ እያንዳንዱን በቡሽ እያሸህ። በእጅህ ስታየው የቡሽ ጭረት ሳይኖረው እንደተወለወለ መሆን አለበት። አንድ ወፍራም ቅብ እንደ ስድስት ስስ አይሠራም፤ ወፍራሙ ይጎትታል፣ ከዚያም በቁራሽ ይላጣል። ከመሄድህ በፊት 10 ደቂቃ ውጭ አቁመው። ሞቆ ከቤት የወጣ ሰም በረዶ እንደነካ ይቋጥራል፣ ቀለሙ ትክክል ቢሆንም።

ሐይቅ_ዳር · ሐምሌ 10

የኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ ይህ ላባ የመሰለውም በረዶ። ሰም መራጭ ግን አምስት ስድስት ስም ያስፈልገዋል። አመዳይን ብናስነሣውስ?

ላስታ_79 · ሐምሌ 10

ለአዲሱ አመዳይ፣ ላረጀው በረዶ። እኔ ተቀብያለሁ።

ለማያምን ሰው ደግሞ፦ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ለኢትዮጵያ ሲሰለፍ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር፣ በ2010ም ቫንኩቨር ተመልሷል። እና "ይህ ክር ወሎ ውስጥ ምን ያደርጋል" ብሎ የውስጥ መልእክት የላከልኝ ወንድም፣ መልስህ ይኸው።

የጦሳ_ሥር · ሐምሌ 13

ስኪዎቹ አልጋ ሥር ገብተዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ፣ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ታየ። ሁለት፣ ከዕቃው መሀል ጎማ ያለው አጭር ስኪም አለ፣ አስፋልት ላይ የሚነዳ። ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ልሞክረው?

ባቲ_ሰኞ · ሐምሌ 13

ዱቄቱ ምንም አይደለም፣ ፓራፊን ሲቀዘቅዝ የሚያደርገው ነው። ተወው። ከሥሩ የሆዱ ጥቁር ቀለም በዳመና ውስጥ እንዳለ ሆኖ ከታየህ ሽፋኑ ደህና ነው። ጭራሽ ያልደረሰበት ደረቅ ቦታ ካለ ብቻ ጨምርበት።

ላስታ_79 · ሐምሌ 13

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት? ወላሂ እንዳታስበው! ጎማ ስኪ ፍሬን የለውም። ከ600 ሜትር በላይ የሚወርድ ጥምዝምዝ መንገድ፣ ያውም አይሱዙ ከኋላ እየመጣ። ሞክር ከተባለም ኮምቦልቻ ከወረድክ በኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ ራስ ቁር አድርገህ። በእጅ የሚያዙት ዘንጎች ጫፍም ለአስፋልት የሚሆን ጠንካራ ብረት መሆን አለበት፤ የበረዶው ጫፍ በአንድ ቀን ያልቃል።

ለማስቀመጥ፦ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ ውሃ አታፍስበት፣ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣት አሽከርክር፤ የሚያንቃቃው ኩሽኔታ ውስጥ አሸዋ አለ። ከእያንዳንዱ ስኪ አንደኛው ጎማ ወደ ፊት ብቻ የሚዞር ነው፣ ተበላሸ ብለህ ወደ ኋላ አታስገድደው። መሬት ላይ ቆሞ አይክረም፣ ጎማው በአንድ ወገን ይጠፈጠፋል። በጎኑ አስተኛው።

የጦሳ_ሥር · ሐምሌ 13

ሰምቻለሁ፣ ይቅር። ኅዳር ላይ ሰሙን እኔ ልፋቀው ወይስ እሱ?

ቦርከና_ማዶ · ሐምሌ 13

እሱ ይፋቀው። ሰሙ እንዳለ መጓዙ ይሻላል፤ በአውሮፕላን ጉዞ ሆዱን ከጭረት ይጠብቀዋል። ሰሙንም በሻንጣ መውሰድ ይችላል፣ አኳራጁን ግን አይሆንም፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ እዚያው ይግዛ።

አንተ ልፋቅ ካልክ ግን በቤቱ ሙቀት ይሁን፣ ጠዋት በብርድ ከሆነ ይሰባበራል። መጀመሪያ የመሀሉን ቦይ ጫፉ በዞረ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ጎኖቹን፣ መጨረሻ ሆዱን። ከዚያ በናይሎን ቡሩሽ፣ አሁንም ወደ ጭራው።

እማ_ከወረኢሉ · ሐምሌ 14

ስትፍቅ ደግሞ ከሥሩ ጋዜጣ ዘርጋ። የሰም ፍርፋሪ ሊሾ ላይ ከተረገጠ አይታይም፣ በመጥረጊያም አይለቅም። ቡና ይዘው የሚመላለሱ እናት ካሉህ፣ ስኪ ደሴ ላይ ያለ በረዶ ሰው ጣለ እንዳይባል።